የፖታሲየም ሰልፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ድንች ሁለት ጊዜ ይቀቀላል። ተልጦ በስሱ ይከተፍና ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ይቀቀላል፤ ያ ውሃ ይደፋና በሌላ ውሃ እንደገና ይጣዳል። የሚበላው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው ነጭ ነገር ነው። ጣዕም የለውም፤ ግን አይገድልም። ኩላሊት የከዳው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ኩላሊት የከዳው ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ፣ ሙቀቱ እንዲህ ከሆነና የጉድጓዱ ውሃ ከመረረ ወዲህ፣ ተፈልጎም አይገኝ።

ውሃው ይደፋል ማለቴ ለወጉ ነው። ማንም አይደፋውም። ከድንቹ የወጣው ፖታሲየም እዚያ ውሃ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ ውሃው ሌላ ድንች እየተቀቀለበት ይወፍርና በጠርሙስ ተሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። በአዘቦት ቀን ለታማሚ መርዝ ነው። በሰልፍ ቀን ጠዋት ግን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣዋል፤ ምክንያቱም በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው።

በሩ የእጥበት ቤቱ በር ነው። ኩላሊቱ የቆመ ሰው ደሙ በማሽን ካልታጠበለት ፖታሲየሙ ይጠራቀምና መጀመሪያ እግሩንና እጁን ያዝላል፣ በመጨረሻ ልቡን ያቆመዋል። ድሮ ታማሚ በሳምንት ሦስት ቀን በቀጠሮ ይመጣ ነበር ይባላል። ከዚያ ታማሚው በዛ፤ ማሽኑ አልበዛም። ቀጥሎ ወረፋው በዘመድ ሆነ። በመጨረሻ በሩ መጣ። በሩ ዘመድ የለውም። ታማሚው ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ክንዱን ያስገባል፤ ትንሽ ይወጋዋል፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ አንዱ የሶዲየም፣ አንዱ የፖታሲየም። ሶዲየሙ የወረደበት ሰው ውሃ አብዝቷል ማለት ነው፤ ራሱን ያመዋል፣ ይዘባርቃል፣ የሞተ ወንድሙን ስም ይጠራል፤ ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ውሃ ተከልክሎ ይቀመጣል። ፖታሲየሙ ከሁሉ የበለጠው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። የጤነኛ ሰው ፖታሲየም ከአምስት እምብዛም አያልፍም፤ ስድስት ተኩል ሲባል ሐኪም ከወንበሩ ይነሳል። ለሞት የቀረበው ይቅደም ነው ነገሩ። በሩ የተመረቀ ዕለት ሕዝቡ አጨብጭቧል። እውነትም የሚያስጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ሰው መጨበጥ ለመደ። ክንድ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ጡጫ ሲጨበጥና ሲለቀቅ፣ ጡንቻው ፖታሲየሙን ወደዚያው ክንድ ደም ያፈሳል። የቀረው ሰውነት ምንም አልሆነም፤ ቁጥሩ ግን ከፍ ይላል። አንዱ ጨብጦ ቀድሞ ሲገባ ጎረቤቱ አየው። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሎሚ፣ ኳስ፣ የተጠቀለለ ካልሲ ሲጨብጥ ይውል ጀመር። ሁሉም ሲጨብጥ ደግሞ ጥቅሙ ጠፋ፤ ሁሉም እዚያው የነበረበት ቦታ ተመለሰ። የድንች ውሃ የመጣው ያኔ ነው። ከድንች ውሃው በኋላ ሙዝ መጣ። ዛሬ አንድ ሰው ትናንት የነበረበትን ተራ ለማግኘት ከትናንቱ የበለጠ መርዝ መጠጣት አለበት፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጠጣል።

በሩ አይጠይቅም አይባልም። «ዛሬ ቁጥርዎን የሚጨምር ነገር ወስደዋል?» ይላል፣ በጨዋ ሴት ድምፅ። ሰው ሁሉ ሎሚውን ኪሱ እየከተተ «አልወሰድኩም» ይላል። ወስጃለሁ ያለ ሰው ቁጥሩ ታግዶ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚተርፍ አልጋ የለም። ስለዚህ ወስጃለሁ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጋሽ አሰግድ ከመጨረሻዎቹ የባቡር ሾፌሮች አንዱ ነበር። ባቡሩ ራሱን መንዳት ሲጀምር ቤቱ ገባ፤ ኩላሊቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ቀይ መብራት ካየ ባዶ ሜዳ ላይም የሚቆም ሰው ነው። ሚስቱ ውድነሽ በዚህ ነገሩ ስትስቅበት ኖራለች። አሁን አሁን ግን አትስቅም። ውሃውን በትንሽ ሲኒ ትሰፍርለታለች፣ ጨው ትቆጥብበታለች፣ ቲማቲም ከቤቷ ካወጣች ቆይታለች። በሰልፍ ቀን ደግሞ ጠርሙሱን ታቀርብለታለች፤ እሱም ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

ነገሩ የተለወጠው መምህር ቢሊሱማ የሞተ ጊዜ ነው። ቢሊሱማ ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ገና ጎልማሳ፣ ተጫዋች። የዚያን ዕለት ጠርሙሱን ጠጥቶ ሙዝም ጨምሮ መጣ። ሰሌዳው ላይ አንደኛ ወጣ። በሩ ስሙን ጠራ። ተነሳ፣ ለጓደኞቹ እጁን አወዛወዘ፣ በሩ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። በሩ ስሙን ሁለቴ ደገመና ሁለተኛውን ጠራ። ሁለተኛውም ገባ። ምን ያድርግ?

የሰልፈኞች ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ከቀብር መልስ ለሌላ ጉዳይ ተቀመጠ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አልዪ፣ እድሜውን በልብስ ስፌት የፈጀ ሽማግሌ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ተናገረ።

«አቦ፣ ስሙኝ» አለ። «ሁላችንም እንጨብጣለን፣ ሁላችንም እንጠጣለን። ማን ቀደመ? ማንም! ተራው ያው ነው። የተጨመረው ሬሳ ብቻ ነው። ሁላችንም ብንተወው፣ ተራው ያው ሆኖ ሬሳው ይቀራል።»

«አንዱ ባይተውስ?» አለች ፈርዶሳ። ቀፊራ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ከሰልፈኛው ሁሉ ወጣቷ እሷ ናት።

የመለሰላት አሰግድ ነው። «ሌላውን አላውቅም፤ እኔ እጄን ዘርግቼ እቀመጣለሁ» አለ።

ነገሩን የቋጨው ይህ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ማለ። ታማሚው በአዳራሹ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ጉልበቱ ላይ ሊያስቀምጥ፣ አስታማሚው ደግሞ ጠርሙሱን በዚያው ዕለት ሊደፋ። ውድነሽም ማለች። እቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ጠርሙሱን አወጣች፣ ገንዳው ላይ ዘቀዘቀችው። ክዳኑን ግን አልከፈተችም። ትንሽ ቆማ አየችውና መልሳ ከጀርባ ሸሸገችው።

አትፍረዱባት። አሰግድ ሁለት ሰልፍ ተከታትሎ አልጋ አምልጦት ነበር። እግሩ ከብዶት ከአልጋ የሚነሳው በእሷ ትከሻ ነው። ከንፈሩ ዙሪያ ይነዝረው ጀምሯል። ሌሊት ጆሮዋን ደረቱ ላይ ስታስጠጋ ልቡ አንድ መትቶ የሚቀጥለውን የሚረሳ ይመስላታል። ሌላው ሰው መሐላውን ይጠብቃል ብላ አታምንም። እሷ ራሷ እየሸሸገች እንዴት ትመን? የታመነው ባሏ ብቻ እጁን ዘርግቶ ሲሞት ታያት።

በሰልፉ ቀን ጠዋት አጥሚት ሠራች፤ በጠርሙሱ ውሃ። ሽታው እንዳይታወቅ ቅርንፉድ ጨመረችበት። «ይሄን ጠጣ፤ ባዶ ሆድህን አትሄድም» ብላ ሰጠችውና ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ስትመለስ ኩባያው ባዶ ነው።

«ጨረስከው?»

«ባዶ ነው እኮ» አለ፣ ጫማውን እንድታስርለት እግሩን እየዘረጋ። ጎንበስ ባለችበት ራሷን ዳበሳት። ውድነሽ እንባዋ መጣ፤ ማሰሪያውን አጥብቃ ቋጠረች።

የዚያን ዕለት አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበር። የሎሚ ሽታ የለም፣ ላስቲክ የሚያስር የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጉት አግዳሚዎች ላይ ሰው ሁሉ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ያፍራሉ። አስታማሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ አልዪ ወዲያ ወዲህ እያለ እጅ ያያል።

ልኬቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰው አምስት ነጥብ ዘጠኝ አወጣ። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ከታየ ዘመን የለውም። ቀጥሎ ስድስት ነጥብ አንድ። ቀጥሎ ስድስት። ጋሽ አልዪ ራሱ ስድስት ነጥብ ሁለት። ፈርዶሳ ስድስት ነጥብ አራት አወጣችና ከሁሉ ቀደመች፤ «ወላሂ ባዶ ውሃ ነው የጠጣሁት!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ሳቀላት። ቀስ በቀስ ሁሉም ገባው። ሁሉም መሐላውን ጠብቋል። ማንም አላጭበረበረም። አንዲት እናት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅስ ጀመር፤ ጋሽ አልዪም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ጠርሙሱን የደፉት ሁሉም ናቸው። ያልደፋችው ውድነሽ ብቻ ናት።

በሩ ከተለኩት መሃል ከፍ ያሉትን እየጠራ አልጋዎቹ እየተያዙ ሄዱ። ፈርዶሳ መጀመሪያ ተጠርታ እንኳ፣ ሶዲየሟ ትንሽ ወርዶ ስለነበር እንደገና እስኪታይ እንድትቆይ ተደረገ፤ ሁለተኛው ልኬት ደህና መሆኑን አሳየና የመጨረሻው አልጋ ለእሷ ተያዘላት። አሰግድ ያልተለካ የመጨረሻ ሰው ነበር። ከአግዳሚው ለመነሳት ሁለት ሰው ደገፈው። ክንዱን አስገባ።

«ዛሬ ቁጥርዎን የሚጨምር ነገር ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም» አለ።

ሰባት ነጥብ ዘጠኝ።

ሁሉም ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ሁሉም ተናገረ።

«ያቦ! ይሄ ምንድን ነው?»

«እጄን እዘረጋለሁ ያለው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እጁን ዘርግቶ ሆዱን ሞላ!»

ፈርዶሳ ከበሩ ደጃፍ ወደ ኋላ ተመለሰች። አልጋዋ ከሰሌዳው ላይ ጠፍቶ ነበር። «ጋሼ» አለች፤ «እኔ ደፋሁት እኮ። ልጆቼ እያዩ ነው የደፋሁት።» አልተሳደበችም። መሳደቡ ይሻል ነበር።

ጋሽ አልዪ ቀረብ ብሎ አሰግድን ዓይን ዓይኑን አየው። «አሰግድ፣ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም። በእግዚአብሔር።»

«የእግዜርን ስም ተወው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ሌባ!»

አሰግድ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ ላይ ላብ አለ። ለአንድ አፍታ ውድነሽን አያትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ፤ እሷም ያ አስተያየት «ለምን አደረግሽው?» ያላት መሰላት። በሩ ግን ሥራው ላይ ነው።

«ቁጥሩ ካለፈው ልኬት በጣም የራቀ ነው» አለ በዚያው በጨዋ ድምፁ። «አስታማሚ ይጠየቃሉ። ለታማሚው ዛሬ ቁጥሩን የሚጨምር ነገር ሰጥተዋል?»

ይህ ጥያቄ መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው። አልሰጠሁም ይባላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ይገባል። ውድነሽም አልሰጠሁም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያታል። አብረዋት ለቅሶ የተቀመጡ፣ ባሏን ተሸክመው ያስገቡ ሰዎች ናቸው። ፈርዶሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ባሏ ደግሞ፣ በባዶ ሜዳ ላይ ለቀይ መብራት የሚቆመው ሰው፣ በእሷ ጥፋት በሰው ፊት ሌባ ተብሎ አንገቱን ደፍቷል። ቢድንስ በምን ፊቱ እዚህ አዳራሽ ይመለሳል? ይሉኝታ ያዛት።

«እኔ ነኝ!» አለች። «እሱ አያውቅም። በአጥሚቱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሱን ሌባ አትበሉት። ሌባዋ እኔ ነኝ።»

«እናመሰግናለን» አለ በሩ። «ቁጥሩ ታግዷል። ከሰዓት በኋላ ይለካሉ። ተረኛ፦ ፈርዶሳ አብዲ።»

አሰግድ ከግድግዳው ዞረ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደነገጠ ነው የሚመስለው።

«ውዴ» አለ። «ምነው? አልጠጣሁትም እኮ።»

«ምን?»

«አጥሚቱን። ደፋሁት። ገንዳው ውስጥ ነው የደፋሁት። አራት ዓመት ስጠጣው የኖርኩት ነገር በቅርንፉድ ይሸፈነኛል?»

«ለምን… ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ።»

ውድነሽ ይህን ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ሰባት ነጥብ ዘጠኙ የአጥሚቱ አይደለም። የእሱ ነው። ሁለት ሰልፍ ያመለጠው ሰው፣ እግሩ የከበደው፣ ከንፈሩ የሚነዝረው ሰው እውነተኛ ቁጥር ነው። በአዳራሹ ካለው ሰው ሁሉ ለሞት የቀረበው እሱ ነው፤ በሩም የተሠራው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

ወደ ግድግዳው ሮጠች። «አልሰጠሁትም!» አለች። «ዋሽቼ ነው! አልጠጣም፤ ደፍቶታል! ስሚኝ እንጂ!» ግድግዳውን በመዳፏ መታች። በሩ መልስ አልሰጠም፤ ጥያቄው አልፏል። ጋሽ አልዪ መጣ፤ እሱም «ሰውየው እውነቱን ነው፣ እኛ ምስክር ነን» አለ። አሁን ሌባ ያለው ሰውም ሳይቀር ተነስቶ «እኛ ምስክር ነን» አለ። የሚጮሁት ለግድግዳ ነበር።

ፈርዶሳ በሩ ተከፍቶላት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። «የእኔን ስጡት» አለች ወደ ውስጥ። «ሰማችሁ? የእኔን ስጡት፤ እኔ ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ከውስጥ ሲስተር አስናቀች ወጣች፤ በዚያ ቤት የቀረች ብቸኛ ሰው ነርስ ናት። «አልጋው በሌላ ሰው አይከፈትም፣ ፈርዲ» አለቻት። «ማሽኑ ደምሽን ካላወቀ አይነሳም። አንቺ ካልገባሽ ባዶውን ነው የሚውለው። ግቢ።» ፈርዶሳ እያለቀሰች ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ሲስተሯ ከጎን በኩል ተመልሳ መጣች፤ እጇ ላይ መርፌ አለ። ማንም አላዘዛትም። አሰግድን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ካልሲየም ቀስ ብላ በደም ሥሩ ሰጠችው። ውድነሽ እግሯ ሥር ተንበረከከች።

«ዳነ? እትዬ፣ ዳነ?»

«ይሄ ልቡን ያስታግስለታል እንጂ ፖታሲየሙን አያወጣለትም» አለች ሲስተሯ። ዓይኗን ውድነሽ ላይ ማሳረፍ አልቻለችም። «ቢበዛ አንድ ሰዓት ይገዛልሻል። መኪና ፈልጉለት፤ ሐረር ይዛችሁት ሂዱ።»

«ሐረርም በር ነው ያለው።»

ሲስተሯ ይህን ታውቃለች። መርፌውን ሰብስባ ሄደች። ጋሽ አልዪ ግን መኪና ፍለጋ ወጣ፤ ሌላ ምንም የሚደረግ ነገር ስላልነበረ።

ውድነሽ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ይለካል ተብሏል። ከሰዓት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢያስደነግጠው፣ በሩ ቢራራ፣ ከታጠቡት አንዱ ቶሎ ጨርሶ አልጋ ቢለቅ… እንዲህ እያለች ታስባለች። እብደት መሆኑን ታውቃለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጫፉን ክንዱ ላይ ጠምጥማ አሰረች፤ በጥርሷ ስባ አጠበቀችው። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያያታል። ማንም መሐላውን አላነሳባትም።

«ጨብጥ» አለችው። እጇን መዳፉ ውስጥ አስገባች። «አሴ፣ በሞትኩት፣ ጨብጥ። እጄን ጨብጥ። ጠንከር አድርገህ።»

አሰግድ ከንፈሩን ነክሶ ግንባሩን ቋጠረ። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተወጠሩ፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ። ሊያስደስታት የሚችለውን ሁሉ እያደረገ እንደነበር ያየው ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

«ጨብጥ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

«እየጨበጥኩ ነው እኮ» አለ።

ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። መዳፉ እጇ ሥር እንደተዘረጋ ነበር።